አባቴን ያወፈረው ቴሌቪዥን

አባቴ ቀጭን ሰው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዞ የኖረ፣ ኮቱ መስቀያው ላይም ሆነ ትከሻው ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚንጠለጠል መምህር። ባለፈው ገና ማግሥት ሳሎን ውስጥ ራሱን በቴሌቪዥን እያየ «ያን ጊዜ እንዲህ ሞላ ብዬ ነበር እንዴ?» ሲል ሰማሁት። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ የቴሌቪዥኑን መስኮት አየች፤ እሱን አየች፤ ምንም ሳትል ተመልሳ ገባች።

የሚያየው የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ ነበር። ሠርጉ ጥር 2000 ዓ.ም. ነው። ቪዲዮ አንሺው ከሁለት ወር ቀጠሮና ከብዙ ምልልስ በኋላ ሁለት ዲስክ አስረከበን፤ በአንዱ ሠርጉ፣ በሌላው መልሱ። ሽፋኑ ላይ ሙሽሮቹ ከፋሲል ግንብ ፊት ቆመዋል። ሰማዩን በኮምፒውተር ወይን ጠጅ ቀለም ቀብቶታል፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

ዲስኩ ቢመጣም ማጫወቻ አልነበረንም። ቤታችን ያለው ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ያበጠ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር፤ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ሠርጉን ሁለት ዓመት ሙሉ በጎረቤት ቤት አየን። ከዚያ አክስቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ውስጥ፣ በሹራቦች መሐል ጠቅልላ፣ ዲቪዲ ማጫወቻ ይዛልን መጣች። በቤታችን ስሙ እስከ ዛሬ «ዴኩ» ነው።

አባቴ የአሜሪካውን ስፒና ወደ እኛ ሶኬት የሚያሻግር መሸጋገሪያ ከየት እንዳገኘ አላውቅም፤ ሊሰካው እጁን ሲዘረጋ ግን ደረስኩ። «አባባ፣ ቆይ!» ብዬ ዴኩን ገለበጥኩት። ከጀርባው በኩል የሩዝ ፍሬ በሚያክሉ ፊደላት 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ብዙ ማጫወቻዎች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላሉ፤ ይኸኛው አይችልም። ያቺን መስመር ባላነብ ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ፣ በጭስ ሽታ ያልቅ ነበር። በማግሥቱ ከፒያሳ እንደ ጡብ የሚከብድ ትራንስፎርመር ተገዛ።

ሦስቱን ገመዶች ሰካን፤ ቀይና ነጩ ለድምፅ፣ ቢጫው ለሥዕል። ዲስኩ ገባ። ሥዕሉ መጣ። ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ደግሞም ከታች ወደ ላይ እየሮጠ። እህቴ በቬሎዋ ከመስኮቱ ግርጌ ትነሣለች፣ ወደ ላይ ትወጣለች፣ እግሯ ጣሪያው ላይ ሲጠፋ ራሷ እንደገና ከታች ይበቅላል። አባቴ ጥቂት አይቶ «ሠርጓ ነው ወይስ ዕርገቷ?» አለ።

ቤቱ በአንድ አፍታ በባለሙያ ተሞላ። አንዱ ጎረቤት ዴኩ መንገድ ላይ ተመትቷል አለ። ሌላው ዲስኩ ተቧጭሯል አለ። አክስቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በትዝብት አይን እያየች ጊዜው አልፎበታል አለች። ሦስቱም ተሳስተው ነበር። ዴኩ ደኅና ነው፣ ዲስኩ ደኅና ነው፣ ቴሌቪዥኑም ደኅና ነው። ዴኩ የሚናገረውን ቴሌቪዥኑ አይሰማም ነበር፤ ያለው ችግር ይኸው ነው።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ያደገ ነው። አንዱ ሥዕል 525 መስመር አለው፤ ከእነዚህ 480ው ለዓይን የሚታዩ ናቸው፤ በሰከንድ ወደ 60 የሚጠጋ ግማሽ ሥዕል ይላካል። እኛ የተከተልነው ፓል የተባለውን፣ ጀርመናዊው ዋልተር ብሩክ ቴሌፉንከን ውስጥ ሲሠራ ያበጀውን ሥርዓት ነው። መስመሩ 625፣ የሚታየው 576፣ ግማሽ ሥዕሉ በሰከንድ 50 ነው። 50 እና 60 ከየት መጡ ቢባል ከመብራቱ ነው፤ በጥንቱ ዘመን ሥዕሉ ከመብራቱ ምት ጋር ካልተስማማ መስኮቱ ላይ ይረብሽ ነበር። ስለዚህ አንድ አገር ግድግዳው ውስጥ የቀበረው የኤሌክትሪክ ዓይነት ቴሌቪዥኑንም ተከትሎታል። በእኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም በኋላ ሲመጣ በፓል መጣ፤ የእኛም ባለ ሻኛ ቴሌቪዥን የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። በ60 ምት የመጣበትን ሥዕል በ50 ሊይዘው ሲሞክር ያመልጠዋል፤ መሮጡ ከዚያ ነው። ቀለሙ ደግሞ በማያውቀው አጻጻፍ ስለ ተጻፈ ሳያነበው አለፈው፤ ጥቁርና ነጩ ቀረ።

መድኃኒቱ ዴኩ ውስጥ፣ በማስተካከያው ማውጫ ላይ ነበር። ችግሩ ማውጫው ራሱ ይሮጣል። ሪሞቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ የሚያልፍ አውቶቡስ ታርጋ እንደሚያነብ ሰው ዓይኔን ከታች ወደ ላይ እያመላለስኩ «ቲቪ ታይፕ» የሚለውን አገኘሁ። ከሥሩ ሦስት ምርጫ፤ ኤንቲኤስሲ፣ ፓል፣ አውቶ። ፓል ላይ ስጫን ሥዕሉ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ቀለሙም መጣ። እናቴ እልል አለች። መስኮቱ ውስጥ ያሉት ሴቶችም በዚያው ቅጽበት እልል ይሉ ነበርና ማን ማንን እንደ ተቀበለ አልታወቀም።

«አውቶ» የሚለውን ለምን አልመረጥክም ይሉኛል። አውቶ ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን እንዳለ መላክ ነው። ሁለቱንም ለሚችል ቴሌቪዥን ከዚህ የተሻለ የለም፤ ምክንያቱም ዴኩ አንዱን ወደ ሌላው ሲገለብጥ መስመር ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፣ እንቅስቃሴውም ትንሽ ይሰናከላል፤ ሲሮጥ የነበረ ሰው እየነጠረ የሚሄድ ይመስላል። ፓል ብቻ ለሚያውቅ አሮጌ ግን አክስቴ ያመጣቻቸው የአሜሪካ ፊልሞች ሁሉ እንደ እህቴ ያርጉ ነበር። የተሰናከለ ሥዕል ካረገ ሥዕል ይሻላል።

እዚህ ላይ ባቆም መልካም ነበር። ግን ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ጥቂት ያነበበ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ያናደደኝ የእናቴ ነጠላ ነበር። በቪዲዮው ላይ እናቴ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ አድርጋ እንግዳ ትቀበላለች። የጥለቱን ዳር አተኩሬ ሳየው ቀይ ቀለሙ ወደ ነጩ ይፈሳል፤ ጠርዙም ላይ ጥቃቅን ነጥቦች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይርመሰመሳሉ። ሌላ ሰው አያየውም። አንድ ጊዜ ካየኸው ግን ሌላ ነገር ማየት አትችልም፤ አማቶቹ ሲገቡ እኔ ጉንዳን እቆጥር ነበር። የዚህ ጥፋት ቢጫዋ ገመድ ናት። ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ጨፍልቃ ትልካለች፤ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያቸው ፍጹም አይለያቸውም፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይዞ ይወጣል። ኤስ-ቪዲዮ የሚባለው ባለ አራት እግር ገመድ ሁለቱን በየራሳቸው ሽቦ ይልካል። ከእሱም የሚሻለው ባለ ሦስት ገመዱ ኮምፖነንት ነው፤ አረንጓዴው ብርሃኑን፣ ሰማያዊውና ቀዩ የቀለሙን ልዩነት ይሸከማሉ። የቴሌቪዥናችንን ጀርባ በባትሪ ሳበራ ሦስቱ ቀዳዳዎች አቧራ ጠጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገመዱ ተገዛ፣ ተሰካ፣ ዴኩም በዚያ እንዲልክ ታዘዘ። የነጠላው ጥለት ጠርዙ እንደ ምላጭ ተቆረጠ። ጉንዳኖቹ ጠፉ። «እማዬ፣ ነጠላሽን እዪው!» ብላት «እኔ ድሮም እንዲሁ ነው ያየሁት» አለች።

ከዚያ ሪሞቱ ላይ ፒ-ስካን የሚል ቁልፍ አየሁ። ስለ እሱም አንብቤ ነበር፤ ሥዕሉን ግማሽ ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይልካል፣ ጥራቱም ይጨምራል ይላል። ተጫንኩት። ቴሌቪዥኑ ጨለመ።

እንደገና ብጫን ምንም የለም። ወደ ማውጫው ልግባ ብል ማውጫው በጨለማው ውስጥ ነው። ጥፋቱን ለማረም ማየት ያስፈልጋል፤ ለማየት ደግሞ መጀመሪያ ጥፋቱ መታረም አለበት። ቢጫዋን መልሼ ሰካሁ፤ እሷም ምንም አላመጣችም፤ በርካሽ ዴኮች ላይ አንዱ መውጫ ሲከፈት ሌላው መዘጋቱን ያን ዕለት ተማርኩ። ሦስት ቀን ቤቱ ያለ ዴክ ዋለ። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ መምህር ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ የመምህር ልጆች ያውቁታል።

በአራተኛው ቀን ዴኩን በፌስታል ይዤ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ወደ ነበረው የጥገና ቤት ሄድኩ። ባለቤቱን ጋሼ እንለዋለን። በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ሆኖ በየደብሩ የዞረ፣ በኋላ ብየዳ የለመደ ሰው ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች መሐል ተቀምጦ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ማኅሌት አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ቀኙ ሲያነሣ ግራው ያዳምጣል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያርፋል። የእናንተ ቴሌቪዥን የለመደው ይህንን ነው። አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው መስመር በቀኝ ቆሟል። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው በግራ። በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይቀባበላሉ። አንተ ቀኝና ግራውን ቀላቅለህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘምር አልክ። መሪጌታው ምን ያድርግ? ጸጥ አለ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። ቁጥሩን በኋላ እኔው ሠራሁት። 625 መስመር በ25 ሙሉ ሥዕል ሲባዛ በሰከንድ 15,625 መስመር ይሆናል፤ ያ ቴሌቪዥን የተሠራው ለዚህ ፍጥነት ነው። ፒ-ስካን ሲበራ 31,250 ይሆናል፤ ልክ እጥፍ። ቀዳዳዎቹ ያው ናቸው፣ ገመዱ ያው ነው፣ ቀለማቱም ይገጥማሉ፤ ውስጥ ያለው መሣሪያ ግን በዚያ ፍጥነት አይሮጥም። ቀዳዳ ስላለ ብቻ የሚገባው ሁሉ ይስማማል ብሎ ማሰብ የእኔ ስሕተት ነበር።

ጋሼ ዴኩን ከራሱ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። የእሱም መስኮት ጨለማ ነው። ከዚያ ሪሞቱን አነሣና ዓይኑን ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ላይ አድርጎ መጫን ጀመረ። አንድ ጊዜ ማውጫ። ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ። ሦስት ጊዜ ወደ ታች። እሺ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ። እሺ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት በቃሉ የሚደግም ነው የሚመስለው። የዴኮቹ ስም ቢለያይም የብዙዎቹ ማውጫ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከብዛቱ የተነሣ አጥንቶታል። እህቴ በቬሎዋ ብቅ አለች።

ልከፍለው ብል እጄን መለሰው። «የማታየውን ቁልፍ ከመንካትህ በፊት መመለሻውን ቁጠር» አለኝ። ማኪያቶ ጋበዝኩት። ቤቱ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል።

ባለ ሻኛው ቴሌቪዥን ካለፈው ዓመት በፊት በነበረው ክረምት መብራት ደጋግሞ ሲጠፋና ሲመጣ ከእነ ድምፁ ሞተ። ባለ 43 ኢንች ጠፍጣፋ ተተካ፤ ቡፌው ላይ አልበቃ ብሎ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ዳንቴሉ ሥራ ፈታ። የአክስቴን ዴክ ልሰካ ስሄድ ቢጫ ቀዳዳ የለም። አንድ አረንጓዴ ቀዳዳ አለ፤ በትንሹ ኤቪ የሚል ተጽፎበታል። በአዳዲሶቹ ላይ አረንጓዴው ለሁለት ጌታ ያድራል፤ ለኮምፖነንት ብርሃንና ለቢጫዋ ገመድ። ቢጫዋን ሰክቼ ከምንጮቹ ዝርዝር ኮምፖነንት የሚለውን መረጥኩ፤ እህቴ እንደገና ጥቁርና ነጭ ሆነች፤ ይህኛው ግን አልሮጠም። ቴሌቪዥኑ ቀለሙን ከሰማያዊውና ከቀዩ ቀዳዳ ይጠብቃል፤ እነሱ ባዶ ናቸው። ምንጩን ወደ ኤቪ ስቀይር ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎረቤቶቼ «ቴሌቪዥኑ ቀለም ጠልቷል» ብለው ጠርተውኝ በአንድ ቁልፍ አስደንቄአቸዋለሁ።

የእህቴ ባል ኋላ ላይ ኤችዲኤምአይ የሚባለው፣ ሥዕልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚልክ መውጫ ያለው አዲስ ዴክ ገዛልን። ሻጩ «ዲስኩን ፉል ኤችዲ ያደርገዋል» ብሎታል። ይህ አነጋገር ያበሳጨኛል። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲወጣ የታሰበው ለባለ ሻኛው ቴሌቪዥን ነው። በፓል ዲስክ አንዱ ሥዕል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ አለው። ፉል ኤችዲ 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ነው። አካፍሉት፤ ልክ አምስት እጥፍ ይመጣል። አንድ ድስት ወጥ አዘጋጅታችሁ የአምስት ድስት ሰው ቢመጣ ውሃ ከመጨመር በቀር ምን ይደረጋል? ውሃው በጥበብ ሊጨመር ይችላል፤ ሥጋው ግን ያው ነው። ነጥቡ ከዚያም የሚበዛው ፎር ኬ የሚባለው ላይ ሃያ ድስት ይሆናል።

ጥያቄው ውሃውን ማን ይጨምር ነው፤ ዴኩ ወይስ ቴሌቪዥኑ? ይህንን መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ ዓይን ነው የሚፈርደው። እኔ የፈተንኩት በድንኳኑ ገመድ ነው። ሠርጉ ላይ ካሜራው ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ችካሉ የወረደውን ገመድ ተከትሎ ይወርዳል። ዴኩ 1080 እንዲልክ ሳዘው ገመዱ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ወረደ። 576 ብቻ ላክ፣ ሌላውን ለቴሌቪዥኑ ተው ስለው ገመዱ ገመድ ሆነ። ስለዚህ በእኛ ቤት ዴኩ ትንሹን ቁጥር ይልካል። የእህቴ ባል ይህንን ሲሰማ ቅር ብሎታል፤ የገዛው ትልቁን ቁጥር ነዋ። (በወርቅ የተለበጠ የኤችዲኤምአይ ገመድም ሊገዛ ነበር። ለአንድ ሜትር ርቀት ርካሹም ያንኑ ሥዕል ያደርሳል፤ ገንዘቡን ለቡና ይዋለው ብዬ አስቀረሁት።)

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። ሠርጉ የተቀረጸው ለአሮጌው መስኮት ቅርጽ ነው፤ ወርዱ አራት፣ ቁመቱ ሦስት። አዲሱ አሥራ ስድስት በዘጠኝ ነው። ቴሌቪዥኑ ከፋብሪካው ሲመጣ ጠባቡን ሥዕል ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጥጦ እንዲሞላ ታዟል፤ ቁመቱን ሳይነካ ወርዱን በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ስልሳ ኪሎ የነበረ ሰው ሰማንያ ይመስላል ማለት ነው። የአባቴ ጉንጭ የሞላው፣ ኮቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻ ያገኘው በዚህ ነው። የዚህን ነገር ውሸት የሚያጋልጠው እንጀራ ነው፤ የግብዣው መሶብ ከላይ በኩል ሲታይ እንጀራው ሞላላ ከሆነ ሰዎቹም እውነተኛ መልካቸውን ይዘው አይደለም። የእኛ እንጀራ ሞላላ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ፤ አባቴን ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነበረው፤ ዝም አልኩ።

እህቴ ለጥምቀት ከባሕር ዳር መጣች። ከታቦቱ ሽኝት ተመልሰን ቡና ሲፈላ ዲስኩ ገባ። ሙሽራዋ ከመኪናው ስትወርድ እህቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«እኔ እንዲህ ወፍሬ አላገባሁም!»

«ቴሌቪዥኑ ነው እታለም» አልኩና ሪሞቱን አንሥቼ የመስኮቱን ቅርጽ አራት በሦስት አደረግሁት። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ፣ ሥዕሉ መሐል ላይ ተሰበሰበ። እንጀራው ክብ ሆነ። እህቴ ወገብ አገኘች። አባቴም ወደ ቀድሞ ኮቱ ተመለሰ።

«እንዴ! ሰውን ሁሉ ምነው አከሳኸው?» አለ።

«ትክክለኛው ይህ ነው አባባ።»

«ግራና ቀኙስ? ሙሉ ከፍለን ጎደሎ እንይ?»

እህቴ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። እናቴ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

እህቴ በሄደች በሳምንቱ ለምሳ ሄድኩ። ዲስኩ እየዞረ ነው፤ መስኮቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል፤ እንጀራው ሞላላ ነው፤ አባቴም ሶፋው ላይ ተደላድሎ ሰማንያ ኪሎውን እያየ ነው። «ማን ነካው?» አልኩት። «እኔ እንዲህ ያለ ቁልፍ አውቃለሁ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ከድምፅ መጨመሪያው በቀር አያውቅም። ሪሞቱን አነሣሁት። ቅርጽ በሚቀይረው ቁልፍ ላይ፣ የአንድ ጣት ጫፍ የሚያህል የሽሮ ዱቄት ነበረበት።